15 ሺህ ዶላር ተገኝቷል፤ የፒፔት ሮቦት እንግዛ ወይስ ሌላ ነገር?

ቤዛ_ላብ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሐሳብ ፈልጌ ነው የመጣሁት። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

የምሠራው በምሥራቅ በኩል፣ ቆላ ከተማ ያለ ሆስፒታል ውስጥ ነው። በኮቪድ ጊዜ የመጣ ባለ 96 ዌል (የናሙና ጉድጓድ) ሪል ታይም ፒሲአር አለን። ኮቪድ ሲቀዘቅዝ ማሽኑ ጨርቅ ለብሶ ተቀመጠ። አሁን ቀስ በቀስ ወደ ሥራ መልሰነዋል። የሄፓታይተስ ቢ ቫይራል ሎድ (ደም ውስጥ ያለውን የቫይረስ መጠን) እንሠራበታለን። ዴንጊ ሲነሳ ደግሞ የዴንጊ ናሙና ይጎርፍልናል። እ.ኤ.አ. በ2013 ድሬዳዋ ላይ ከታየ ወዲህ በእኛ አካባቢ ዝናብ ጥሎ ትንኝ ሲበዛ ሁሉም ሰው ጆሮውን አቁሞ ነው የሚጠብቀው።

ኤክስትራክሽኑን፣ ማለትም የቫይረሱን ዘረመል ከናሙናው ማውጣቱን፣ የምንሠራው በእጅ ነው። ስፒን ኮለም፣ ሴንትሪፉጅ፣ ማጠብ፣ ደግሞ ማጠብ፣ ኢሉሽን (የጠራውን ዘረመል በፈሳሽ መቀበል)። በደህናው ጊዜ በሳምንት 30 ናሙና ቢመጣ ነው። ዴንጊ ሲነሳ ግን በቀን 70 እና 80 ይገባል። ፒሲአር የሠለጠንነው ሁለት ሰዎች ብቻ ነን። ከሰዓት በኋላ አውራ ጣቴ አልታዘዝ ይለኛል።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። ከኮሌጃችን ተመርቀው አሜሪካ የገቡ ልጆች 15 ሺህ ዶላር አሰባስበውልናል። "የፒፔት ሮቦት እንግዛላችሁ" ነው የሚሉት፤ ፈሳሽ እየለካ የሚያከፋፍለውን፣ ኦቲ-2 የሚባለውን፣ የኦፕንትሮንስ ኩባንያን። አለቃችን ከአሁኑ ቦታ እያስጠረገ ነው። እኔም ደስ ብሎኛል፤ ግን ፈራሁ። የሠራበት ሰው አለ? በዚህ ገንዘብ ከዚህ የተሻለ ነገር ይገኛል?

ዝምተኛው

ሮቦቱ ይምጣ እንጂ መጀመሪያ። አለቃሽ አጠገቡ ቆሞ ፎቶ ይነሳል፤ ሥራው ቀስ ብሎ ይደርሳል።

ሞጁል_አራት

እኔ ያለሁት ጎንደር በኩል ነው። ሮቦት ሮቦት ትላላችሁ፤ ሮቦቱማ አገራችን ከገባ ስንት ጊዜው! ጂንኤክስፐርት ምንድነው ታዲያ? አክታው ላይ ሪኤጀንቱን ትጨምራለህ፣ ትበጠብጠዋለህ፣ 15 ደቂቃ ትጠብቃለህ፣ 2 ሚሊ ሊትሩን ካርትሪጅ ውስጥ ትከታለህ፣ ክዳኑን ትዘጋለህ፤ በቃ። ኤክስትራክሽኑም ፒሲአሩም እዚያው ውስጥ ያልቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ለቲቢ የደገፈው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2010 ነው።

ዋጋውም ቢሆን ወርዷል። የቲቢዋ ካርትሪጅ መጀመሪያ 16.86 ዶላር ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2012 እነ ጌትስ እና ዩኒቴይድ የሚባሉ ለጋሾች ገብተውበት 9.98 ሆነች። ድንበር የለሽ ሐኪሞች "5 ዶላር ይበቃል" ብለው ዓመታት ከጮኹ በኋላ በ2023 ወደ 7.97 ወረደች። የሄፓታይተስ ቢ ቫይራል ሎድ ካርትሪጅም አለ። ለሁለት ሰው ላብራቶሪ ከዚህ የሚሻል ኦቶሜሽን የለም ባይ ነኝ።

ቤዛ_ላብ

ሞጁል፣ አለን እኮ። አራት ሞጁል (ካርትሪጅ የሚገባበት ክፍል) ነው፤ አንዱ ከሞተ ቆይቷል። የቀሩት ሦስቱ ቲቢውን ለመጨረስ እንኳን ይንገዳገዳሉ። እኛ ጋ ደግሞ ሙቀቱ አለ። ማሽኑ የሚፈልገው ከ30 ዲግሪ በታች ነው፤ ኤሲው ሲበላሽ ክፍሉ እኛንም አያስቆመንም። የዴንጊ ካርትሪጅ ደግሞ የለውም። ለዚህ ነው ክፍት የሆነውን ፒሲአር የያዝኩት።

ሞጁል_አራት

ገባኝ። 2008 የሚል የስህተት ቁጥር ይበዛባችኋል? ከበዛ ሞጁሉን ከመወንጀላችሁ በፊት አክታውን እዩት። ወፍራም ሆኖ በደንብ ሳይሟሟ ሲገባ ግፊቱ ከልክ ያልፍና ያቋርጣል። 2127 ከሆነ ግን መብራታችሁን ነው የምትጠይቁት።

ከሲልቨር_ስፕሪንግ

ቤዛዬ፣ እኔ ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ክሊኒካል ላብራቶሪ ነው የምሠራው። በኮቪድ ጊዜ ኦቲ-2 ነበረን፤ የማሠራው እኔ ነበርኩ። ያየሁትን ልንገርሽ።

ዋጋውን በተመለከተ ልጆቹ ልክ ናቸው። ሃሚልተንና ቴካን የሚሠሯቸው ትልልቅ ሮቦቶች 100 ሺህ ዶላር ያልፋሉ፤ የዓመት የጥገና ውሉ ለብቻው ያስደነግጣል። ኦቲ-2 ከነፒፔቱ 10 ሺህ ዶላር አካባቢ ይገኛል። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ነው። 48 ኪሎ ስለሆነ ሁለት ሰው ያነሳዋል። ቲፕሽን (የፒፔቱን ጫፍ ፕላስቲክ)፣ ፕሌትሽን፣ ቲዩብሽን የምትደረድሪበት 11 ቦታ አለው። ሁለት ፒፔት ይሸከማል፤ አንዱን ባለ አንድ፣ ሌላውን ባለ ስምንት ቻናል አድርጊው። ፕሮግራሙ በፓይተን ነው የሚጻፈው፤ ኮዱም ለማንም ክፍት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የስፔን ሆስፒታሎች ጭንቅ ውስጥ ሲገቡ ይህንኑ ሮቦት ደርድረው ነው ናሙና የሠሩበት።

አሁን ደግሞ ሻጩ የማይነግርሽ። ይሄ ሮቦት አያይም። ቲፑ ውስጥ ፈሳሽ ይግባ አየር ይግባ አያውቅም። አንድ ጊዜ ፕላዝማው ውስጥ የረጋ ደም ነበር። ቲፑ ጫፍ ላይ እንደ ቀጭን ክር ተንጠልጥሎ ወጣ። ሮቦቱ ጉዳዬም ሳይለው ያንን እያንጠባጠበ በፕሌቱ ላይ አለፈ። ሌሎቹ ዌሎች ላይ ትንንሽ ቀይ ነጠብጣብ ቀረ። ቆሜ ባላየው ኖሮ የብዙ ሰው ውጤት ይበላሽ ነበር። ትልልቆቹ ግፊት እየለኩ ክሎት (የረጋ ደም) ሲያጋጥማቸው ይቆማሉ፤ የሚወደዱበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

አክታማ ጨርሶ አታስነኪው። ማስተር ሚክስ (የፒሲአሩን ኬሚካል ቅልቅል) ማከፋፈልና ኢሉሽኑን ወደ ፒሲአር ፕሌት ማዛወር ላይ ግን የሚደርስበት የለም። 60ኛው ናሙና ላይ ስትደርሺ ዓይንሽ ዌል ይዘላል። እሱ አይዘልም። አውራ ጣቱንም አያመውም።

ናቲ_ፓይተን

ሰላም፣ የሶፍትዌር ተማሪ ነኝ፣ ጅማ። ላብራቶሪ አላውቅም፤ ፓይተኑን ግን አያለሁ። የሮቦቱን ኮድ ተመለከትኩት፤ በጣም ቀላል ነው። "ከዚህ 5 ማይክሮ ሊትር ውሰድ፣ እዚያ አድርግ፣ ቲፑን ጣል" ዓይነት ነገር ነው። እውነተኛው ማሽን ሳይኖርም ኮምፒውተር ላይ ማስመሰል ይቻላል። ገንዘብ አልጠይቅም፤ ለሲቪዬ ይሆነኛል።

አባ_ኮንትሮል

ልጆቼ፣ በዚህ ሙያ ብዙ ማሽን መጥቶ ሲሄድ አይቻለሁ።

ቤዛ ልጄ፣ ምንም ከመግዛትሽ በፊት አንድ ነገር አድርጊ። ናሙናው ከታካሚው ክንድ ከተቀዳ ጀምሮ ውጤቱ ሐኪሙ እጅ እስኪገባ የት የት እንደሚቆም በወረቀት ያዢ። ስንት ሰዓት ተቀዳ፣ ስንት ሰዓት ላብራቶሪ ገባ፣ ኤክስትራክሽን መቼ ተጀመረ፣ ማሽኑ መቼ ጨረሰ፣ ውጤቱ መቼ ተፈርሞ ወጣ። ሮቦት የሚያሳጥረው አንዷን ቁራጭ ብቻ ነው። ያቺ ቁራጭ ትንሿ ከሆነች 15 ሺህ ዶላር ውኃ በላው ማለት ነው።

ሁለተኛው ደኅንነት ነው። ለዚህ ሮቦት ሄፓ የሚባል ተጨማሪ ክፍል ይሸጡለታል። ሰው ያንን ሲሰማ ባዮሴፍቲ ካቢኔት የገዛ ይመስለዋል። አይደለም። አየሩን አጣርቶ ወደ ውስጥ ነው የሚነፋው፤ ናሙናሽን እንጂ አንቺን አይጠብቅሽም። ስለዚህ ያልተገደለ ቫይረስ ያለበት ቲዩብ ክዳኑ ተከፍቶ እዚያ ላይ አይቀመጥም። ላይሲስ በፈሩን (ቫይረሱን የሚገድለውን ፈሳሽ) ካቢኔት ውስጥ በእጅሽ ትጨምሪያለሽ። የሥራው ከባዱ ክፍል እጅሽ ላይ ይቀራል ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ማንኛውም ማሽን ሲገባ ማረጋገጥ አለ። ውኃ አስቀድተሽ በስስ ሚዛን መዝኚ፤ 100 ማይክሮ ሊትር ውኃ 100 ሚሊ ግራም አካባቢ ካልመጣ ፒፔቱ ይዋሻል። ቀጥሎ ቼከርቦርድ ሥሪ። አንድ ዌል ጠንካራ ፖዘቲቭ፣ ቀጥሎ ያለው ባዶ፣ እንደገና ፖዘቲቭ፣ እንደገና ባዶ፤ ፕሌቱን በሙሉ እንዲያ ሙዪው። ከባዶዎቹ አንዱ እንኳን ፖዘቲቭ ከወጣ ማሽኑ ታካሚ አይነካም። የስላይፕታ (የላብራቶሪ ጥራት ምዘና) ኦዲተር ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ ይህንን ወረቀት ነው።

ስታት_መምህር

የሒሳብ ሰው ነኝ፣ ባሕር ዳር። ማሽን ሳትገዙ ሥራ የምትቀንሱበት መንገድ እንዳለ ላስታውሳችሁ፤ ናሙና ማዋሃድ። ሐሳቡ የዶርፍማን ነው፣ 1943፣ አሜሪካ ለሠራዊት የምትመለምላቸውን ወጣቶች ለቂጥኝ ስትመረምር።

አምስት አምስት አድርጋችሁ አዋሕዱ። ከመቶ ሰው ሁለቱ ብቻ ፖዘቲቭ ናቸው እንበል። አንድ ቡድን በሙሉ ነፃ የመሆን ዕድሉ 0.98 አምስት ጊዜ በራሱ ላይ ሲባዛ (0.98×0.98×0.98×0.98×0.98)፣ ማለትም 90 በመቶ ገደማ ነው። ፖዘቲቭ የወጣውን ቡድን ብቻ አንድ በአንድ ትደግማላችሁ። ለ100 ሰው በአማካይ 30 ምርመራ ይበቃል። ከመቶ 20 ፖዘቲቭ ከሆነ ግን ይኸው ዘዴ 87 ምርመራ ይፈልጋል፤ ልፋቱን አያካክስም። ሩዋንዳ በኮቪድ መጀመሪያ ላይ በዚህ መንገድ በደንብ ተጠቅማለች።

ቤዛ_ላብ

መምህር፣ እናመሰግናለን። ለእኛ ግን አይሆንም። ቫይራል ሎድ ቁጥር ስለሆነ አይዋሃድም። የዴንጊው ደግሞ ወረርሽኝ ውስጥ ነው የሚመጣው፤ ግማሹ ፖዘቲቭ የሚሆንበት ቀን አለ።

ስታት_መምህር

ልክ ነሽ፤ እንደዚያ ከሆነ ተይው። አምስት ስታዋህጂ ናሙናው ስለሚቀጥን ሲቲው (ማሽኑ ቫይረሱን የሚያይበት ዙር) በ2.3 ገደማ እንደሚገፋም አትርሺ። ደም ባንክ ያለ ሰው ቢያነብ ግን ይጠቀምበታል፤ በሌላው ዓለም የለጋሾችን ደም በኒውክሊክ አሲድ ሲመረምሩ እያዋሃዱ ነው።

ባዮሜድ_ሐዋሳ

እኔ የማነሳው እንደ ጥገና ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ጥናት በ16 ድሃ አገሮች ሆስፒታሎች ያሉ መሣሪያዎችን ቆጥሮ ነበር። 38 በመቶ ገደማው አይሠራም። ይህንን ለማመን ለእኔ ጥናት አያስፈልገኝም፤ መጋዘናችንን መክፈት ይበቃል። በስጦታ የመጣ፣ ማኑዋሉ በማናውቀው ቋንቋ የተጻፈ፣ ፊውዙ ብቻ የተቃጠለ ስንት ዕቃ አለ።

ለኦቲ-2 የምሰጠው ምስጋና አለ። በውስጡ ያለው ቀበቶ፣ ሞተር፣ ራስፕቤሪ ፓይ ነው። 3ዲ ፕሪንተር የፈታ ልጅ ይህንንም ይፈታዋል። መብራቱም ትንሽ ነው የሚበላው። ችግሩ መሐል ላይ መብራት ከሄደ ካቆመበት አይቀጥልም፤ የትኛው ዌል እንደተሞላ አንቺ ነሽ የምታስታውሺው። ስለዚህ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ) የግድ ነው። እኛ አገር ሮቦትና ዩፒኤስ አብረው ካልተገዙ ሮቦቱ አልተገዛም።

ግን ቤዛ፣ የምትፈልጊው ሮቦት አይመስለኝም። ያንቺ ችግር ኤክስትራክሽን ነው። ለእሱ ባለ 32 ናሙና ኤክስትራክተር አለ። በኮቪድ ጊዜ ብዙ ቦታ የገባ ሳጥን ነው፣ አብዛኛው የቻይና ሥሪት። በጥቂት ሺህ ዶላር ይገኛል። ኬሚካሉ ቀድሞ የተሞላበት ዲፕ ዌል ፕሌት አብሮ ይመጣል። ፎይሉን ትልጫለሽ፣ ናሙናሽን አንደኛውና ሰባተኛው ረድፍ ላይ ታደርጊያለሽ፣ 16 በአንድ ፕሌት፣ ሁለት ፕሌት 32። ፕላስቲክ ማበጠሪያውን ማግኔቱ ሥር ትሰኪያለሽ፣ በሩን ትዘጊያለሽ። ግማሽ ሰዓት አካባቢ ቆይቶ ያፏጫል። ፈሳሽ አይመጥም አይተፋም፤ ማግኔቱ ቢዱን (ዘረመሉ የሚጣበቅበትን ጥቃቅን ቅንጣት) ይዞ ከዌል ወደ ዌል ይዘዋወራል እንጂ። ክሎት ቢኖር እንኳን የሚደፈን ነገር የለውም።

ከሲልቨር_ስፕሪንግ

ባዮሜድ ያልከው ጥሩ ነው፤ ግን አንድ ነገር ዘለልክ። ያ ሳጥን የሚሠራው በተሞላው ፕሌት ነው። ፕሌቱ ሲያልቅ ሳጥኑ ጠረጴዛ ማስዋቢያ ነው። ሮቦቱ ግን ለማንም አይታሰርም። ዛሬ የዚህን ኪት (የምርመራ ኬሚካል ስብስብ)፣ ነገ የዚያን ኪት ትሠሪበታለሽ። ፕሌቱ ከአገር ከጠፋ ባዶ ዲፕ ዌል ላይ ራስሽ ትሞዪበታለሽ። ማግኔቲክ ቢድ ከነመሟሚያው በራስ እጅ የሚዘጋጅበት አሠራር እ.ኤ.አ. በ2019 ቦምብ በሚል ስም ለማንም በነፃ ወጥቷል።

አባ_ኮንትሮል

ልጄ፣ ለምርምር ከሆነ እሺ። በራስ እጅ በተቀመመ ቢድ የታካሚ ውጤት መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው። የኪቱ መመሪያ በየትኛው ኤክስትራክሽን እንደተፈተነ ይናገራል። ከዚያ ከወጣሽ የማረጋገጡ ሸክም ሙሉ በሙሉ በአንቺ ትከሻ ላይ ነው። ሁለት ሰው ባለበት ክፍል ማን ይሸከመዋል?

ከሲልቨር_ስፕሪንግ

እሱስ ልክ ነው ጋሼ። ግን ስቶክ አውት ሲሆን፣ ዕቃ ሲያልቅ ማለቴ ነው፣ "ምርመራ የለም" ከማለት የተሻለ መንገድ መኖር አለበት እያልኩ ነው።

ሚዛን_ፋርማሲ

ስቶክ አውት ሲነሳ ዝም ማለት አልችልም፤ እኔ ግዢ ክፍል ነኝ።

ሁላችሁም የማሽን ዋጋ ታወራላችሁ። ማሽን አንዴ ነው የሚገዛው። የሚያስለቅሰው ዕለት ዕለት የሚበላው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ በዶላር የሚመጣ ነገር ሁሉ በብር ሲታሰብ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። በጀት ግን በእጥፍ አላደገም። በጃንዋሪ 2025 ደግሞ የአሜሪካ ዕርዳታ ቀጥ ሲል በፕሮጀክት ይመጣ የነበረው ብዙ ነገር አብሮ ቆመ።

ሮቦቱን አስቡት። 80 ናሙና ኢሉሽን ለማዛወር 80 ቲፕ፣ ፊልተር ያለው። ናሙናም እሱ ያንሳ ካላችሁ ሌላ 80። የራሱ ቲፕ ነው የሚመከረው፤ የሌላ ቲፕ በትንሹ እንኳን ከፍ ዝቅ ካለ ዌሉን ይስታል። ሳጥኑም ያው ነው፤ ፕሌትና ማበጠሪያ። ማንኛውንም ከመግዛታችሁ በፊት ለአንድ ናሙና ስንት ይመጣል የሚለውን አስሉ። ከ15 ሺው ግማሹን ለፍጆታ ዕቃ ያዙት። የማብቂያ ቀኑን እያያችሁ፣ በየመንፈቁ ተከፋፍሎ እንዲመጣ ተዋዋሉ። በአንድ ጊዜ ከመጣ ግማሹን ታቃጥሉታላችሁ።

ደግሞ አንድ ነገር፦ ዕቃው ከመጫኑ በፊት የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድና የስጦታ ደብዳቤው ይለቅ። በኋላ ወረቀት ማሟላት ማለት ዕቃው መጋዘን ከርሞ ዋራንቲው እዚያው ሲያልቅ ማየት ነው።

ዝምተኛው

ማሽኑን በነፃ አስቀምጦ በኪቱ የሚያስከፍለው አቅራቢስ?

ሚዛን_ፋርማሲ

ብዙ ናሙና ላለው ጥሩ ነው፤ ጥገናውም የአቅራቢው ነው። በሳምንት 30 ናሙና ላለው ግን ማንም አይመጣም። የመጣም እንደሆነ በዓመት ይህን ያህል ትወስዳላችሁ ብሎ ያስፈርማል፤ ዴንጊ ደግሞ ቀጠሮ ይዞ አይመጣም።

ናቲ_ፓይተን

ከርዕስ ልውጣ ትንሽ? ታንዛኒያ ኢፋካራ የሚባለው የጤና ተቋምና እንግሊዝ አገር ያለው የባዝ ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ማይክሮስኮፕ አለ፤ ኦፕንፍሌክሸር ይባላል። አካሉ በ3ዲ ፕሪንተር ይታተማል፣ ካሜራው የራስፕቤሪ ፓይ ነው፣ ስላይዱን በትንንሽ ሞተር ራሱ እየገፋ ፎቶ ያነሳል። የወባ ስላይድ አሰልቺ አይደል? ይሄስ አይሆንም?

ባዮሜድ_ሐዋሳ

አይቼዋለሁ፣ ቆንጆ ሥራ ነው። ለማስተማሪያና ለምርምር ነገ ብትሠራው ደስ ይለኛል። ለታካሚ ውጤት ግን ፈቃድ ያለው መሣሪያ አይደለም። ቤዛን ደግሞ አሁን የያዛት ወባ አይደለም። ለብቻው ክር ክፈትለት፤ እመጣለሁ።

ቤዛ_ላብ

ተመለስኩ። አባ፣ ያሉትን አደረግኩ። አንድ ወረቀት አዘጋጅቼ ከእያንዳንዱ ናሙና ጋር አያያዝኩ፤ ሁሉም ሰው ሰዓት እንዲጽፍበት።

የወጣው ነገር አስገረመኝ። የሄፓታይተሱ ናሙና ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚያጠፋው ፍሪጅ ውስጥ ነው። ፕሌቱ እስኪሞላ እንጠብቃለን፤ ለጥቂት ናሙና ኮንትሮልና ስታንዳርድ (አብረው የሚሠሩትን ማመሳከሪያዎች) ማባከን ስለማንፈልግ። ያንን ሮቦት አያሳጥረውም። ቀጥሎ ኤክስትራክሽኑ፤ ግማሽ ቀን። ፒሲአሩ ራሱ ሁለት ሰዓት የማይሞላ ነው። ከዚያ የመጨረሻው፣ እኔ ሥራ ብዬ እንኳን የማልቆጥረው ነገር፤ መጻፍ። የናሙናውን ቁጥር ቲዩቡ ላይ እጽፋለሁ፣ መዝገቡ ላይ እጽፋለሁ፣ የፕሌቱን ካርታ በእርሳስ ሠርቼ እዚያ ላይ እጽፋለሁ፣ የማሽኑ ኮምፒውተር ላይ አንድ በአንድ እተይባለሁ፣ በመጨረሻ የውጤት ወረቀቱ ላይ። በዴንጊ ሰሞን ከሰዓት በኋላው በሙሉ በዚህ ነው የሚያልቀው። ስህተቱም የሚገባው እዚያ ላይ ነው። 1 እና 7 በእኛ ሰው የእጅ ጽሑፍ መንታ ናቸው።

ሮቦቱ ፒፔት ያደርግልኛል፤ መጻፉ ግን ያው እኔው ጋ ነው።

አባ_ኮንትሮል

እሰይ! ፍሪጁን በገንዘብ አትፈቺውም። ከሐኪሞቹ ጋር ተስማምታችሁ ቀን ቁረጡ፤ ማክሰኞና ዓርብ ሄፓታይተስ ይሠራል፣ ሞላም አልሞላም። የሚባክነው ኮንትሮል ታካሚ ደጋግሞ ከሚመላለስ ይሻላል። መጻፉን ግን ልጁ ይርዳሽ፤ ፓይተን ያለው።

ናቲ_ፓይተን

አለሁ! ይሄ ከሮቦት ይልቃል። የባርኮድ ማተሚያና ሁለት ማንበቢያ ግዙ። ናሙና ሲገባ አንድ ጊዜ ይመዘገባል፤ ቲዩቡ ላይ ሌብል ይለጠፋል። ፕሌት ስትሞዪ ቲዩቡን በማንበቢያው "ቲት" ታደርጊዋለሽ፤ የትኛው ዌል ላይ እንደምትጨምሪ ስክሪኑ ላይ ያበራልሻል። ሲያልቅ የፒሲአሩ ሶፍትዌር የሚቀበለውን ፋይል ያወጣል፤ ፍላሽ ላይ ገልብጦ ማስገባት ነው። ማሽኑ ውጤት ሲሰጥ መልሶ ከቁጥሩ ጋር ያገናኘዋል። ኢንተርኔት አይፈልግም፤ አንድ ላፕቶፕ ይበቃዋል። የማሽንሽ ሶፍትዌር የሚያወጣውን ናሙና ፋይል ብቻ ላኪልኝ፤ የታካሚ ስም አጥፍተሽ።

ባዮሜድ_ሐዋሳ

እንግዲህ እንዲህ ይሁን። ባለ 32ቱ ሳጥን፣ ለሳጥኑም ለፒሲአሩም የሚሆን ዩፒኤስ፣ የባርኮድ ዕቃው፣ ትርፍ ማበጠሪያና ፕሌት። ከገንዘቡ የሚተርፈው ለኤሲው ጥገና። አዎ፣ ለኤሲ! ፒሲአሩን የሚገድለው ሙቀቱና አቧራው ነው። ሳጥኑን ስትመርጪ አንድ ጥያቄ ጠይቂ፦ የሌላ ድርጅት ፕሌት ይቀበላል? ፕሮግራሙን ራስሽ መቀየር የምትችይበትን ግዢ። ቁልፍ የተቆለፈበትን አትንኪ።

ከሲልቨር_ስፕሪንግ

እሺ፣ ፕሮግራሙ ክፍት ከሆነ እኔም እስማማለሁ። ግን አሁንም የምለው አለኝ። ከሁለታችሁ አንዳችሁ ዝውውር ብትሄዱ ወይ ወሊድ ብትወጡ፣ በዴንጊ ሰሞን 80 ናሙና ማስተር ሚክስና ኢሉሽን ማዛወር የአንድ ሰው አውራ ጣት ላይ ይወድቃል። ያኔ ሮቦቱን ታስታውሺዋለሽ። ቢያንስ የኤሌክትሮኒክ ባለ ስምንት ቻናል ፒፔት ጨምሪበት። ከሮቦቱ ዋጋ በጣም ያነሰ ነው፤ ቁልፉን በትንሹ መንካት ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ሥልጠናም አይጠይቅም።

ቤዛ_ላብ

ፒፔቱን ጻፍኩት። አውራ ጣቴ ታመሰግንሻለች።

ዛሬ ለአለቃዬ ነገርኩት። ፊቱ ቅር አለው፤ "ባርኮድ ማተሚያ ብዬ ማንን ልጋብዝ?" አለኝ። አሜሪካ ያሉት ልጆች ግን የሰዓቱን ወረቀት ፎቶ ስልክላቸው ወዲያው ተስማሙ። አንዱ እንዲያውም "እኛ ጋም በዚህ ነው የምንጣላው" አለ። አለቃዬ ለጊዜው "ሳጥኑ ትልቅ ነው ወይ?" ብሎ እየጠየቀ ነው።

አንድ የቀረኝ ነገር። ሌብሉ ፍሪጅ ውስጥ ይላቀቃል? ናሙናውን ማይነስ 20 ነው የምናስቀምጠው።

ባዮሜድ_ሐዋሳ

የተራ ሱቅ ወረቀት ሌብል ይላቀቃል፤ ቀለሙም በአልኮል ይጠፋል። ለቅዝቃዜ የሚሆን ክራዮ ሌብል በይና እዘዢ። በሪቦን የሚያትም ማተሚያ ይሁን፤ በሙቀት ብቻ የሚያትመው ይደበዝዛል። ቲዩቡ ደርቆ ሳለ ለጥፉት እንጂ ከፍሪጅ አውጥታችሁ ላቡ ላይ አትለጥፉት። ዙሪያውን ጠምጥሙና ጫፉ በራሱ ላይ ይረፍ።

ናቲ_ፓይተን

ስፋቱን ለክተሽ ንገሪኝ፤ የ2 ሚሊ ሊትር ቲዩብ ላይ ባርኮዱ እንዳይታጠፍ ቁመቱን በዚያ ልክ ነው የማደርገው። ፋይሉንም እየጠበቅኩ ነው።